ፊትና ኋላ የሌላት ካሜራ

የባሌ ታላቅ ወንድም የማያውቀው ነገር አለ ቢባል፣ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ኤሌክትሪክ ያውቃል፤ ሕክምና ያውቃል፤ የአየር ጠባይ ያውቃል፤ ታክሲ ውስጥ ከሾፌር ጎን ከተቀመጠ ደግሞ መንዳት ከሾፌሩ የበለጠ ያውቃል። የቤት ዕቃ ፋብሪካ አለው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ማለቴ ሠላሳ ሰዎች ይሠራሉ፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመካከላቸው ይዞራል። ሠራተኞቹ «ሊቀመንበር» ይሉታል። እሱ ስሙ የወጣለት ለአመራር ችሎታው ይመስለዋል። እነሱ ወንበሩን ማለታቸው ነው።

እኔ የታናሽ ወንድሙ ሚስት ነኝ። ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ሌላ ሰው የቀረጸውን እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ ድምፁን እያስተካከልኩ ሰው ፊት የሚቀርብ አደርገዋለሁ። የምሠራው እቤት፣ ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ነው። በባሌ ዘመዶች ዘንድ ይሄ ሥራ አይባልም። «ኮምፒውተር ላይ ናት» ይላሉ፤ ልክ «ተኝታለች» እንደሚሉት አድርገው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሊቀመንበር ሳያንኳኳ ገባና እንቁላል የምታክል ጥቁር ካሜራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በዚህም በዚያም ጎኗ እንደ ዓሣ ዓይን የፈጠጠ ክብ መስታወት አላት።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«ዙሪያውን በአንዴ የምትቀርጸዋ ናት። ከየት አገኘሃት ጋሼ?»

«ገዛኋታ! ባለ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ። መነጽሩንም ገዝቻለሁ። ደንበኛው መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያስራል፣ ቁጭ ባለበት ፋብሪካዬ መሀል ይገባል። ወደ ቀኝ ቢያይ ፋብሪካዬ፣ ወደ ግራ ቢያይ ፋብሪካዬ። የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ዐሥር ቀን ነው የቀረው።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው። መቼ መጥቼ ልቅረጽልህ?»

ሳቀብኝ። «ቅዳሜ ቀርጬ ጨረስኩ እኮ! አንዲት ቁልፍ ለመጫን ደግሞ ምን ባለሙያ ያስፈልጋል? ያንቺ ሥራ ቀላል ናት። ጫፍና ጫፉን ቆረጥ፣ ከላይ ሙዚቃ ጣል፣ አለቀ።»

ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሙያ በአንድ ቆረጥና በአንድ ጣል አለቀ። ዋጥ አድርጌው አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«ስትቀርጽ አንተ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? ከካሜራው ኋላ ነዋ።»

«ይቺ ካሜራ እኮ ኋላ የላትም ጋሼ። በሁለቱም በኩል ታያለች።»

«እንዴት የላትም? ይኸው፣ ቁልፉ ያለበት ኋላዋ ነው» አለና በአውራ ጣቱ አሳየኝ። ካሜራዋን ያመረተው ሰው ራሱ ቢመጣ ይከራከረው ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ፋይሉን ከፈትኩት። መጥበሻ ላይ ጎን ለጎን የተሰበሩ ሁለት እንቁላሎች የመሰሉ ሁለት ክቦች ብቅ አሉ፤ አንዱ የአንደኛው ዓይን፣ ሌላው የሌላኛው። መጀመሪያ ሁለቱን መስፋት አለብኝ። ስፌቱን ፕሮግራሙ በራሱ ይሠራል ይባላል፤ የሚሠራውም ማንም ሰው መገናኛው መስመር ላይ ካልቆመ ነው። የፋብሪካው ፎርማን ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰፊ አዳራሽ መርጦ መርጦ የቆመው መስመሩ ላይ ነው። ግማሽ አፍንጫው ከአንዱ ክብ፣ ግማሹ ከሌላው መጣ፤ ሁለቱ ግማሾች ደግሞ አንድ ቁመት አልነበሩም። አፍንጫ ስገጥም ዋልኩ።

በማግስቱ ሊቀመንበር «ሥራው የት ደረሰ» ብሎ መጣ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ገና ተዘርግቶ የተኛው ጠፍጣፋ ምስል ነው። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ግድግዳዬን ምን አደረግሽው?»

«ምንም።»

«ምን ምንም ትያለሽ፣ አጎበጥሽው እኮ! ፋብሪካዬ ሙዝ መሰለ! ያ ግድግዳ በውኃ ልክ የተገነባ ግድግዳ ነው!»

«አልጎበጠም። ብርቱካን ልጠህ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ሞክር። አሻፈረኝ ይላል፤ ወይ ይቀደዳል ወይ ይለጠጣል። ይሄም እንደሱ ነው። ምስሉ ክብ ነው፣ ስክሪኑ ጠፍጣፋ ነው። ለሶፍትዌሩ ‹ይሄ ክብ ነው› ብዬ ስነግረው ቀጥ ይላል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ልነግረው ስል ገባህ።»

«ስሚ፣ ደንበኞቼ የሚመጡት ወንበር ሊያዩ ነው፤ ብርቱካን ሊልጡ አይደለም» አለና በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

በሩን ዘግቼ ለሶፍትዌሩ ነገርኩት። ወርዱ የቁመቱ እጥፍ የሆነ አዲስ ሰሌዳ ከፈትኩ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ፣ የምስሉ ዓይነት ተራ ሳይሆን ክብ መሆኑን መረጥኩ። በመጨረሻ ከማያው መስኮት ሥር ያለችውን የዙሪያ እይታ ቁልፍ ጫንኳት። እንደ ሊጥ የተለጠጠው ሁሉ በአንድ አፍታ ተሰበሰበ፤ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ወደ ላይ ሄደ፣ አዳራሹ አዳራሽ ሆነ። በዚህ ሥራ ሁሌም የምወዳት ቅጽበት ይቺ ናት። ማውሱን ይዤ ስጎትት እኔው አዳራሹ መሀል ቆሜ አንገቴን የማዞር ያህል ነው።

ከፊት ለፊት በኩል ሁሉም ነገር ሊቀመንበር ባዘዘው መሠረት ይሄዳል። ሠራተኞቹ ከፕላስቲኩ የወጣበት እጥፋት እንኳ ያልጠፋ አዲስ ቱታ ለብሰዋል። መቼም ፈገግ ብሎ መጋዝ የሚስብ ሰው ካያችሁ ቀረጻ ላይ ነው። አንዱ አናጢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ሳንቃ ብቻ ሲያለሰልስ ነበር፤ ያቺ ሳንቃ በመጨረሻ ወረቀት ሳታክል አልቀረችም። ወደ ቀኝ ጎተትኩ፤ የተደረደሩ ቁም ሣጥኖች። ትንሽ ጎተትኩ፤ ፎርማኑ ከነአፍንጫው። አሁንም ጎተትኩና እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።

አማቴ ተቀምጠዋል።

ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ባለፈው ሐሙስ ስልክ ደውለው «እናትዬ፣ ሰማያዊው ነው ወይስ አመድማው ካሜራ ላይ የሚያምረው?» ብለውኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰማያዊው ያልኳቸው እኔ ነኝ። የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ዝቅ ያለ መደገፊያ ባለው ሰፊ ወንበር ላይ ሆነው ቀጥታ ወደ ካሜራዋ ያያሉ። አልፎ አልፎ ፀጉራቸውን ይነካካሉ። ከዚያ መልሰው ፈገግ ይላሉ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ሰው የተቀመጠ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የጆሮ ማዳመጫዬን አጥልቄ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«ጌታዬ፣ እናትዎስ? እዚህ ከተቀመጡ እኮ አይታዩም» ይላል የፎርማኑ ድምፅ።

«ተዋት» ይላል ሊቀመንበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካሜራው ወደዚያ ነው የሚያየው። ተቀረጽኩ ብላ ደስ ይበላት። አሁን ደንበኛ ፊት አሮጊት ምን ይሠራል?» ቀጥሎ ደግሞ ከፍ አድርጎ፦ «እማዬ! በጣም አምሮብሻል! ወደ ካሜራው እያየሽ ፈገግ በይልኝ፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ» አሉ አማቴ። ፈገግም አሉ። ሊቀመንበርም በአጠገባቸው አልፎ በኋላው በር ወጣ።

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። በጣም የቆጨኝ ያ «እሺ ልጄ» ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቀረጽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን ፈገግታ ከፊታቸው አላወረዱትም።

ባሌ ከሥራ ሲገባ ጠርቼ ከነድምፁ አሳየሁት። ባሌ ፋርማሲስት ነው፤ ለሁሉም ነገር ማስታገሻ አያጣም፣ የሚያድን ግን ሰጥቶ አያውቅም። ጠጋ ብሎ እናቱን አየ።

«ሸፍኚው በቃ» አለ በመጨረሻ። «የፋብሪካውን ዓርማ ለጥፊበት። ለሰላም ሲባል።»

«እናትህ ላይ ዓርማ ልለጥፍ?»

«ድምፁንስ ብትሰማ ይሻላል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነበር። ዓርማውን አምጥቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። ክብ ቡናማ ዓርማ፣ ከሥሩ ቦርሳ የያዙ ሁለት እጆች። እጆቹን አየሁና ዓርማውን አጠፋሁት። ድምፁን ግን ቆርጬ ጣልኩት፤ በቦታው ከሌላ ደቂቃ የተወሰደ የመጋዝ ጩኸት አስገባሁ። ለሊቀመንበር ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው። ምስሉን በተመለከተ ለራሱ ለሊቀመንበር በግልጽ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ በኋላ ጉድ ሠራችኝ እንዳይል።

ስምንት ደቂቃ አድርጌ ጨርሼ ጠራሁት። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አሰርኩለት። ፀጉር አስተካካይ ፊት እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን አድርቆ ወደ ፊት ብቻ ማየት ጀመረ።

«ፓ! ፓ! ግድግዳው ተስተካከለ! አየሽ፣ ያን ቀን ባልነግርሽ ኖሮ እንደጎበጠ ይቀር ነበር።»

«አመሰግናለሁ። አሁን ዞር በልና ተመልከት።»

«ምኑን?»

«ከኋላህ ያለውን።»

«ከኋላ ምንም የለም።»

«አለ ጋሼ። እማማ አሉ።»

«እማዬማ ቤቷ ናት፤ አሁን ስመጣ ደውዬላት ነበር» አለ መነጽሩን ሳያወልቅ። «ዝም በይ እስቲ፣ ቁም ሣጥኖቹ ጋ ደረስኩ።»

ደግሜ ሞከርኩ። «እማማ ቪዲዮው ውስጥ ናቸው ነው የምልህ።» እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሙዚቃውን በእግሩ ይመታል። ስምንቱን ደቂቃ አንገቱን አንዴ እንኳ ሳያዞር፣ ዙሪያ ገባውን የሚያሳየውን ቪዲዮ እንደ ተራ ቴሌቪዥን ጨረሰው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ተነሣ።

«እንዳለ ይሁን። አንዲት ነገር እንዳትነኪ!»

አትንኪ ስባል አልነካም። በተፈጥሮዬ ታዛዥ ነኝ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት መነጽሩን የሚያስረው ሰው እንዲኖር ተብሎ እኔም ተጠራሁ። ሊቀመንበር ደረቱን ነፍቶ በክራባት ቆሟል። ለተመልካች የሚሆን መቀመጫ ሲመርጥ ደግሞ፣ ከራሱ ምርት ውስጥ የሚሽከረከረውን የቢሮ ወንበር መረጠ። ስለ ወንበር ያውቃል ብያችኋለሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ለሆቴሎች ዕቃ የምትመርጥ፣ መነጽር ከማሰሯ በፊት ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ጎንበስ ብላ ከሥር ያየች ኮስታራ ሴት ነበረች። አሰርኩላት። ወንበሩ ስለሚሽከረከር፣ በእግሯ መሬቱን ገፋ አደረገችና ዞረች።

«ውይ!» አለች። «እንደምን ዋሉ!»

ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረ። «ማንን ነው የምታናግረው?»

«እንጃ» አልኩ። «ከኋላ ምንም የለም ብለሃል።»

ሴትዮዋ መልሳ ወደ ፊት አልዞረችም። ፈገግ ብላ ቁጭ አለች። ከእሷ ጋር የመጣው ሰው «ምን አየሽ? እስቲ ልየው» ብሎ መነጽሩን ወሰደ፤ እሱም ገና ሲዞር «እኚህ እናት ደስ ሲሉ!» አለ። ሦስተኛ ሰው ተሰለፈ። ሊቀመንበር ሳይቸኩል የሚቸኩል ሰው አካሄድ ሄዶ መነጽሩን ተቀበለና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን አዞረ። እሱ ሲዞር እኔ የማየው አፉን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ተከፈተ። ቀጥሎ ተዘጋ።

ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አንቺ ነሽ ያስገባሻት!»

«እኔ እናት አላስገባም ጋሼ፤ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው። ያስቀመጥካቸው አንተ ነህ።»

«እኔማ ያስቀመጥኳት ከኋ…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ፎርማኑ አጠገባችን ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ይመስል ጫማዎቹን በጥሞና ይመለከት ነበር።

ሊቀመንበር ሌላም ሊል ሲል ኮስታራዋ ሴት መጣች።

«እናትየዋ የተቀመጡበትን ወንበር እዚህ አላየሁትም። የቱ ጋ ነው?»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ያ ወንበር ሞዴሉ አርጅቷል ተብሎ ሊቀመንበር ራሱ ከሥራ ያስወጣው፣ ፎርማኑ በቀረጻው ዕለት አቧራውን ጠርጎ ከተጣሉት ክምር ውስጥ ያወጣው ነው።

«ያ እንኳ…» ብሎ ጀመረ ፎርማኑ።

«ስምንት ደቂቃ አየኋቸው፤ አንዴም አልተቁነጠነጡም» አለች ሴትዮዋ። «በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው እንደዚያ የሚቀመጠው ቢመቸው ነው። የእናንተ ዘመናዊዎቹ ላይ ተቀምጬ ወገቤን ነው ያመመኝ።»

«አንድ ሰዓት ነው የተቀመጡት» አለ ፎርማኑ ቀስ ብሎ።

የሊቀመንበር ፊት ላይ ያ የማውቀው ብርሃን ሲመጣ አየሁ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ በዓላማ ነው ያደረግነው» አለ። «ሌሎች ፋብሪካዎች ምርታቸውን ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ። እኔ ግን ደንበኛው ፈልጎ ያግኘው አልኩ። ደግሞ የወለደችውን እናቱን ያስቀመጠበት ሰው በወንበሩ ይተማመናል ማለት ነው። እናቴ ናት።»

ፎርማኑ ሳል አፈነው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ሴትዮዋ ግን ማስታወሻዋን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ሌላ ንግግር አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ያ የተጣለው ወንበር ከነመቧጨሩ በመኪና ተጭኖ መጥቶ መሀል ላይ ተሰየመ። ሊቀመንበር ለሰው ሁሉ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ይተርካል፤ በተረከ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል። ከሰዓት በኋላ ላይ ሐሳቡ በሕልሙ ነበር የመጣለት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ሄዶ እናቱን አመጣቸው።

አማቴ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰው መጡ። ሰዎች ያውቋቸዋል፤ «እኚህ ናቸው እኮ!» እያሉ እየተጠጉ ሰላም ይሏቸዋል። እሳቸውም እንደ ባለሥልጣን አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ይመልሳሉ። መነጽሩን አሰርኩላቸው። ሊቀመንበር አጠገባቸው ቆሞ ላብ ላብ ብሎታል። ድምፁን መቁረጤን አያውቅም፤ ቪዲዮውን ሲያይ ጆሮው ሙዚቃው ላይ ቢሆንም፣ አፉ የተናገረውን ግን ሳያስታውስ አልቀረም። ምናለ ብነግረውና ባሳርፈው? አልነገርኩትም።

ሌላው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፊት አይቶ ነው የሚዞረው። አማቴ የፊት ለፊቱን አላዩትም። ገና ሲጀምር ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሩልኝ አሉ።

«አለሁ» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን አዩ። ስምንቱም ደቂቃ አለቀ። ሲያወልቁት ዓይናቸው እርጥብ ነበር፣ ወይ ደግሞ መነጽሩ አጥብቆ ይዟቸው ይሆናል።

«ቀሚሱ እውነትሽን ነው፣ ያምራል» አሉኝ። ወደ ልጃቸውም ዞረው «ጎበዝ ልጄ» አሉት። ሊቀመንበር ትንፋሹ መለስ አለለትና ወዲያው ወደ ሌላ ደንበኛ ሄዶ ሕልሙን መተረክ ቀጠለ።

ሳይመሽ እኔ በመኪናዬ ቤታቸው ላደርሳቸው ተነሣን። ጥቂት እንደሄድን ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፦

«ድምፁን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አሉ።

መሪውን ጨበጥ አደረግኩ። «የቱን ድምፅ እማማ?»

«ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ጆሮዬማ ደኅና ነው። ያን ቀን ‹አሮጊት ምን ይሠራል› ሲል አጠገቡ ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጡ? ያን ሁሉ ሰዓት?»

«ወንበሩ ይመቻል» አሉ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው። ቆየት ብለው ደግሞ፦ «የጎረቤቴ ልጆች ለመዋሸት እንኳ አይደውሉላትም። የእኔው ደስ ይበላት ብሎ ሰው ፊት ቆሞ ዋሸልኝ። ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ቤቴን ቆልፌ ወጥቻለሁ፤ ተነሥቼ ብሄድ ማን ይጎዳል? ደግሞ አናጢዎቹን ማየት እወዳለሁ። ያ ሳንቃ የሚያለሰልሰው ልጅ እንዴት እንዳሳቀኝ! ፈገግ ያልኩት ሁሉ ለካሜራው እንዳይመስልሽ።»

«እኔ ግን ተናድጄ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ተናደጂ፣ ይጠቅመዋል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ንዴቱን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ።»

ሳቅን። መብራት ላይ ቆመን ሳለ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ የተወውን ምልክት በጣታቸው እያሹ ወደ መኪናው ጣሪያ ቀና አሉ።

«ያ መነጽር ግን ወደ ላይም ያሳያል አይደል?»

«አዎ፣ በሁሉም በኩል።»

«የፋብሪካው ጣሪያ ላይ የሸረሪት ድር አየሁ። ይሄን የሚያክል! መቼ ጠርገውት ያውቃሉ?»

«ለጋሼ ልንገረው?»

አሰቡበት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«ተዪው» አሉ። «በዓላማ ነው ይልሻል።»